ነጻ ዴሞ ሽያጭ ይገድላል ወይስ ያሳድጋል?

ጥያቄው፦ «እኔና ታናሽ ወንድሜ የኮምፒውተር ጌም እየሠራን ነው። ተጫዋቹ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ነዳጁ፣ ጎማው፣ ኬላው፣ እንቅልፉ፣ ከረዳቱ ጋር የሚፈጠረው ጭቅጭቅ፣ ሁሉም በተጫዋቹ ውሳኔ ይወሰናል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስቲም (ጌሞች በኢንተርኔት የሚሸጡበት ሱቅ) ላይ በ12 ዶላር ልንሸጠው አስበናል። ወንድሜ ነጻ ዴሞ (ሰው ሳይከፍል የሚሞክረው የጌሙ ቁራጭ) እናውጣ ይላል። እኔ ግን ዴሞ የወጣላቸው ጌሞች ሽያጫቸው በግማሽ እንደሚወርድ በጥናት ተረጋግጧል የሚል ነገር ሰምቼ ፈራሁ። ሰው በነጻ ተጫውቶ ከጠገበ ለምን ብሎ ይከፍላል? ከሁለታችን ትክክለኛው ማነው?»

ምላሽ፦

ወንድምህ ትክክል ነው፤ ዴሞ አውጡ። የሰማኸው ቁጥር ግን እንዲሁ ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ከየት እንደመጣና ለምን ለእናንተ እንደማይሆን ማስረዳት አለብኝ፤ አለበለዚያ ዴሞውን በፍርሃት ትሠሩታላችሁ፣ በፍርሃት የተሠራ ዴሞ ደግሞ እውነትም ይጎዳል።

ቁጥሩ የተነገረው በ2013 ዳይስ በተባለ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ነው (ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዷቸው)። የጌም ዲዛይነርና የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ጄሲ ሼል፣ ኢዳር የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት ኤክስቦክስ 360 በተባለው የጌም ማጫወቻ ጌሞች ላይ ያጠናቀረውን መረጃ ለታዳሚው አሳየ። ማስተዋወቂያ ቪዲዮ ኖሯቸው ዴሞ ያልወጣላቸው ጌሞች፣ ቪዲዮም ዴሞም ከነበራቸው እጥፍ ያህል ተሽጠው ነበር። ሼል የሰጠው ማብራሪያ አንተን ያስፈራህ ራሱ ነው፦ ቪዲዮው «ልሞክረው» የሚል ጉጉት ይቀሰቅሳል፣ ዴሞው ጉጉቱን በነጻ ያረካዋል፣ ሰውየውም ሞክሮታልና ነገሩ እዚያው ያበቃል።

መረጃው የሚለው ዴሞ የነበራቸው ጌሞች ያነሰ መሸጣቸውን ነው። ያነሰ የተሸጡት በዴሞው የተነሳ መሆኑን ግን አያሳይም። በዚያው ዓመት ጂቲኤ 5 ሲወጣ ዴሞ አልነበረውም። ለምን ያስፈልገዋል? ዓለም ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፣ ለማስታወቂያው የወጣው ገንዘብ ለብዙ ጌሞች ሙሉ በጀት ይተርፋል። እንዲህ ያሉ ግዙፍ ጌሞች «ዴሞ የሌላቸው» በሚለው ክምር ውስጥ ሲቀመጡ የክምሩን አማካይ ሽቅብ ይጎትቱታል። ስሙ ያልገነነ፣ አሳታሚውም የሚጠራጠርበት ጌም ደግሞ «እስኪ ሰው ይሞክረው» ተብሎ ዴሞ ይወጣለታል። ሁለቱ ክምሮች ገና ሲጀመር እኩል ስላልነበሩ፣ መጨረሻ ላይ በመካከላቸው የታየውን ልዩነት ዴሞው ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ በሼል ማብራሪያ ውስጥ ለዚያ ዘመን እውነት የሆነ ነገር እንዳለ አምናለሁ። በኤክስቦክስ 360 ዘመን አንድ ትልቅ ጌም በ60 ዶላር፣ በሳጥን ታሽጎ ይሸጥ ነበር። ፕላስቲኩ ከተቀደደ በኋላ ደግሞ ሱቁ በአብዛኛው ገንዘብ አይመልስም። ስለዚህ ቪዲዮ አማልሎት ገዝቶ፣ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው የተቆጨ ሰው ገንዘብም ከሽያጭ ይቆጠር ነበር። ዴሞ ሲወጣ የሚቀረው ይህ ገንዘብ ነው፤ ሰውየው አስቀድሞ ያየዋል፣ አይወደውም፣ አይገዛም። መካከለኛ ጥራት ላለው፣ ብዙ ማስታወቂያ ለተሠራለት ጌም ይህ ኪሳራ ቀላል አልነበረም።

እናንተ በምትሸጡበት ገበያ ግን ይህ ገቢ የለም። ስቲም ከሰኔ 2015 ጀምሮ፣ አንድ ገዢ ከገዛ 14 ቀን ካልሞላውና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተ ምክንያቱ ምንም ቢሆን ገንዘቡን ይመልስለታል። ትርጉሙን አስቡት። ዴሞ አወጣችሁም አላወጣችሁም፣ የጌማችሁ የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት ለማንኛውም ሰው መሞከሪያ ነው። ልዩነቱ፣ ዴሞ ሞክሮ ያልወደደው ሰው ዝም ብሎ ወደ ሌላ ጌም ያልፋል፤ ከፍሎ ያልወደደው ሰው ግን ገንዘቡን ሲያስመልስ አሉታዊ አስተያየት ገጻችሁ ላይ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ገና ጥቂት አስተያየት ብቻ ላለው አዲስ ጌም እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ብዙ ያበላሻሉ። ስለዚህ የማይሆናችሁ ገዢ ወደ ገንዘብ መክፈያው ሳይደርስ ዴሞው ላይ ቢቀር ለእናንተ ይሻላል።

«ሰው ከጠገበ ለምን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄህ የጉዳዩን አንድ ጎን ብቻ ያያል። ዴሞ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያንቀሳቅሳል። አንደኛው ያለ ዴሞም ይገዛ የነበረ፣ ሞክሮት ሐሳቡን የቀየረ ሰው ነው። ሁለተኛው ዴሞው ባይኖር ኖሮ ጌሙ መኖሩን እንኳ የማያውቅ ሰው ነው። በዝና ለሚሸጥ ጌም የመጀመሪያው ሰው ይበዛል፣ ስለዚህ አሳታሚው ዴሞ ሲፈራ አልፈርድበትም። በእናንተ በኩል ግን የመጀመሪያው ዓይነት ሰው የት አለ? ስማችሁን የሚያውቅ፣ ዓይኑን ጨፍኖ 12 ዶላር የሚከፍል ሕዝብ ገና የላችሁም። የሌላችሁን ገዢ እናጣለን ብላችሁ ልታገኙት የምትችሉትን አትተዉ። በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ጌሞች ስቲም ላይ ይወጣሉ፤ ለአብዛኞቹ ትልቁ ችግር በነጻ መሞከራቸው ሳይሆን ማንም ሳያያቸው መቅረታቸው ነው።

ነጻ መስጠት ሽያጭ ሊሠራ እንደሚችል የታየው ደግሞ ዛሬ አይደለም። ስኮት ሚለር የተባለ ቴክሳስ ያለ ሰው፣ አፖጂ በሚለው ድርጅቱ በኩል በ1987 ጌሞቹን በክፍል ከፍሎ የመጀመሪያውን ክፍል በነጻ መበተን ጀመረ፤ የቀሩትን ክፍሎች የፈለገ ገንዘብ ይልካል። ይህንን መንገድ ለዓለም ያሳወቀው ግን አይዲ ሶፍትዌር በታኅሣሥ 1993 ያወጣው ዱም የተባለ የተኩስ ጌም ነው። ዱም ሦስት ክፍሎች ነበሩት፣ እያንዳንዱ ክፍል ዘጠኝ ደረጃ። የመጀመሪያው ክፍል እንዳለ ነጻ ነበር፤ ማንም እንዲገለብጠው፣ ለጓደኛው እንዲሰጠው፣ ሱቅም ዲስኩን በራሱ ዋጋ እንዲሸጠው ተፈቅዷል። የጌሙን ሲሶ በነጻ ማለት ነው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ ሲጫን የሚያወርደው ሰው ብዛት ሰርቨሩን አጨናነቀው።

ከብዛቱ በላይ ልታዩት የሚገባው የነጻው ክፍል አጨራረስ ነው። ተጫዋቹ በመጨረሻው ደረጃ ሁለት ግዙፍ ጭራቆችን ይገድላል። ግድግዳው ይወርድና መንገድ ይከፈታል፤ እርሱም አሸነፍኩ ብሎ ወደ ሌላ ቦታ በቅጽበት የሚያሻግረው ማጓጓዣ ላይ ይወጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ይወድቃል፣ በጭራቆች ይከበባል፣ ይሞታል። ከዚያ ታሪኩ በሚቀጥለው ክፍል እንደሚቀጥል የሚነግር ጽሑፍ ይመጣል። ተጫዋቹ ለብዙ ሰዓታት ተጫውቷል፣ ጠመንጃዎቹን ለምዷል፣ ጓደኞቹን አስቀንቷል። ግን አልጠገበም፤ የቆመው ልቡ ከፍ ባለበት ቦታ ነው። መጥገብን የሚወስነው የሰጣችሁት መጠን ሳይሆን ያቆማችሁበት ቦታ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እርግጥ ሁሉም ጌም እኩል አይደለም። ባላትሮ የተባለው የካርታ ጌም በየካቲት 2024 ከመውጣቱ በፊት ዴሞው ስቲም ላይ ነበር፤ ስትሪመሮች (ሲጫወቱ በቀጥታ የሚያሰራጩ ሰዎች) በዴሞው ብቻ ረጅም ሰዓት ይጫወቱ ነበር። ጌሙን የሠራው አንድ ሰው ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ ግን አንድ ሚሊዮን ኮፒ ተሸጠ። ምክንያቱ የካርታው ጨዋታ በየዙሩ የተለየ መሆኑ ነው፤ ብዙ በተጫወትክ ቁጥር ያልሞከርከው ነገር ይበዛል። ፋብሪካ የሚገነባበት ፋክቶሪዮ የተባለው ጌምም እንዲሁ ነው፤ ዴሞው ጌሙ ለገበያ ከወጣ ዓመታት በኋላም በነጻ አለ፣ ዋጋው ደግሞ በቅናሽ ቀርቦ አያውቅም፣ ሆኖም ከሦስት ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል። በተቃራኒው በአንድ ምስጢር ላይ የቆመ የሁለት ሰዓት ታሪክ ከሆነ፣ ምስጢሩን ግማሽ ድረስ የሚገልጽ ዴሞ ጌሙን ይበላዋል። እንዲህ ያለ ጌም የያዙ ሰዎች የተሻለው መንገዳቸው በ2013 የወጣው ዘ ስታንሊ ፓራብል ያደረገው ነው፤ ዴሞው ከዋናው ጌም አንድም ክፍል አልወሰደም፣ ራሱን የቻለ ሌላ አጭር ሥራ ሆኖ የጌሙን መንፈስ ብቻ አሳየ። ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ሥራው ግን እጥፍ ነው። ለሁለት ሰው ቡድን አልመክረውም።

የእናንተ ጌም ከባላትሮና ከታሪክ ጌም መካከል ይወድቃል። ሁሉም በተጫዋቹ ውሳኔ ይወሰናል ብላችኋል፣ ያ ጥሩ ነው። መንገዱ ግን አንድ ነውና ያየው ሰው አይቶታል። ስለዚህ የት መቁረጥ እንዳለባችሁ በደንብ ማሰብ አለባችሁ። ጌሙን ስላላየሁት ከገለጻችሁ ተነስቼ ልናገር፦ ዴሞው ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ሚሌ ላይ ያብቃ። ወደቡ ላይ ተጫዋቹ ጭነት ይመርጣል፣ ጋላፊ ድንበሩን ይሻገራል፣ በአፋር ሙቀት ጎማና ሞተር ማሰብ ይጀምራል፣ ሰመራ ወይም ሎጊያ ላይ ያድራል ወይም እንቅልፉን ታግሎ ያልፋል። እስከዚህ የጌሙን ዋና ዋና ነገሮች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ቀምሷል። ሰመራ ላይ «ይህን ትንሽ ዕቃ አድርስልኝ፣ ጥሩ እከፍልሃለሁ» የሚለው ሰው አግኝቶት ዕቃውን ከተቀበለ በኋላ፣ ሚሌ ኬላ ሰልፍ ላይ ቆሞ ፈታሹ ወደ መኪናው ሲራመድ ማያው ይቁም። ከዚያ «ጉዞው ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም ጌሙን ዊሽሊስት (ሰው ወደፊት ሊገዛ የሚያስባቸውን ጌሞች የሚይዝበት ዝርዝር) ውስጥ የሚያስገባ ቁልፍ። ዕቃውን ያልተቀበለ ተጫዋችም ሌላ ያልተፈታ ጉዳይ ይዞ እዚያው ሰልፍ ላይ ይድረስ። አዋሽንና አዳማን ከነጭራሹ አታሳዩ።

ይህ ጉዞ ከሠላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቢፈጅ በቂ ነው። ሰዓት ቆጣሪ ግን አታስገቡበት። ካፕኮም የተባለው ድርጅት በጥር 2019 ለሬዚደንት ኢቭል 2 የሠላሳ ደቂቃ ቆጣሪ ያለበት ዴሞ አውጥቶ ነበር፤ ሁሉም በሚያውቀውና በሚጠብቀው ጌም ላይ ቆጣሪው ራሱ መነጋገሪያ ሆነ። የእናንተ ጌም ሰው ረጋ ብሎ የነዳጅ ሒሳብ እንዲሠራ የሚጠይቅ ነው። ሰዓት እያየ የሚነዳ ሰው ሒሳቡን ይዘለዋል፣ ሒሳቡን ከዘለለ ደግሞ የቀረው መሪ መጠምዘዝ ብቻ ነው፤ የሚያየው ሌላ ጌም ይሆናል።

አሁን ወደ ትልቁ አደጋ ልምጣ። ዴሞ የሚጎዳው ብዙ በመስጠት ከሆነ አልፎ አልፎ ነው፤ በብዛት የሚጎዳው የጌሙ ደካማ ክፍል መጀመሪያው ላይ ሲሆን ነው። ብዙ ሠሪዎች ጌሙን ከመጀመሪያው ደረጃ ይጀምሩታል፤ ገና ሥራውን እየተማሩ የሠሩት ደረጃ ያ ነው። እያደር እጃቸው ይፈታና አምስተኛው ሰዓት ላይ ያለው ክፍል ግሩም ይሆናል። ከዚያ ጌሙን ከመጀመሪያው ቆርጠው ዴሞ ብለው ያወጡታል። ሰው የሚያየው የአምናውን ሥራቸውን ነው። ስለዚህ ዴሞውን ከመቁረጣችሁ በፊት የጅቡቲውን ክፍል እንደገና ሥሩት። መሪውን ለመያዝ ከመድረሱ በፊት ተጫዋቹ ስንት ገጽ ጽሑፍ ያነባል? ሞተሩን እስኪያስነሳ ስንት ደቂቃ ይቆያል? በኔ እምነት ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መኪናው መንቀሳቀስ አለበት፤ የጭነት ውሉን፣ የትራንዚተሩን ወረቀት፣ የረዳቱን የኋላ ታሪክ እየነዳ ይስማው።

ይህን የምታውቁት ሰው ሲጫወት ከጀርባው ቆማችሁ በማየት ብቻ ነው። ዝም ብላችሁ። «እዚህ ጋ ተጫን» ማለት ክልክል ነው፤ ስቲም ላይ የሚያወርደው ሰው አጠገቡ እናንተ አትኖሩም። እጁ ከማውሱ ላይ ተነስቶ ስልኩን የሚያነሳበትን ቅጽበት መዝግቡ። ሰው ሲጨርስ «እንዴት ነው?» ብትሉት «አሪፍ ነው» ይላችኋል፣ ወዳጅ ነውና። እጁ ግን አይዋሽም። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ስልካቸውን ካነሱ ያ ቦታ መሠራት አለበት። ቤተሰብና የሠፈር ልጅ ለዚህ አይሆንም፤ እናንተን የማያውቅ ሰው ፈልጉ።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ላክል፣ ምክንያቱም በአማርኛ የሚሠሩ ጌሞች ላይ ደጋግሞ የሚከሰት ነው። በዩኒቲ (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ከሆነ የምትሠሩት፣ አብሮት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። እናንተ ኮምፒውተር ላይ በትክክል የሚታየው ጽሑፍ ሌላ ሰው ጋ ሲደርስ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ፊደሎቹን በሙሉ፣ ቁጥሩንና ሥርዓተ ነጥቡንም ጨምሮ፣ ከጌሙ ጋር መታሸጋቸውን አረጋግጡ። ከዚያም ምንም የአማርኛ ፎንት ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። እንግሊዝኛውንም ቢሆን ቋንቋው ጥሩ የሆነ ሰው ያንብብላችሁ። ዴሞው ላይ የሚታይ የቋንቋ ስሕተት «ሙሉው ጌምም እንዲህ ነው» የሚል ግምት ያሳድራል።

ሌላው ተጫዋቹ ያደረገው ነገር እንዳይጠፋ ነው። ዴሞው ላይ ያጠራቀመው ብር፣ የመረጠው ጭነት፣ ከረዳቱ ጋር የደረሰበት ሁኔታ ሙሉውን ሲገዛ ይከተለው። ስኩዌር ኤኒክስ የተባለው ድርጅት ኦክቶፓዝ ትራቨለር በሚባለው ጌሙ ላይ ሁለት ዓይነት ዴሞ ተጠቅሟል። በመስከረም 2017 ያወጣው የመጀመሪያው ዴሞ ለመማሪያ ነበር፤ ከተጫዋቾች አስተያየት ሰብስቦ ጌሙን አስተካከለበት። ጌሙ በሐምሌ 2018 ከመውጣቱ በፊት በሰኔ የወጣው ሁለተኛው ዴሞ ደግሞ የሦስት ሰዓት ሆኖ፣ የደረሱበት ደረጃ ወደ ሙሉው ጌም ይሻገር ነበር። ጌሙ በሳምንታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን አለፈ። ደክሞ የሰበሰበው ነገር እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው፣ ከዜሮ ጀምር ከተባለው ሰው ይልቅ ወደ ግዢ ይቀርባል። ታዲያ ይህን ለማድረግ ስትሉ ሙሉውን ጌም ዴሞው ውስጥ ደብቃችሁ አትላኩ። የፋይሎቹን ሆድ ዕቃ የሚበረብሩ ሰዎች አሉ፤ የአዋሹን ክፍል ከነድምጹ አውጥተው ይበትኑታል። ዴሞው የራሱ የተለየ የፋይል ጥቅል ይሁን፣ ውስጡም የዴሞው ነገር ብቻ ይኑር።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ስቲም በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየካቲት፣ በሰኔና በጥቅምት፣ ኔክስት ፌስት የሚባል የዴሞ ሳምንት ያዘጋጃል። አንድ ጌም የሚገባበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብዙዎች ያችን አንድ ዕድል ዴሞው ገና ጥሬ ሳለ ያባክኗታል። እናንተ ዴሞውን ከፌስቲቫሉ ሁለት ወይም ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ አውጡት። ከሐምሌ 2024 ወዲህ ስቲም ለዴሞ የራሱ ገጽ እንዲኖረው፣ አስተያየት እንዲጻፍበት ፈቅዷል፤ ጌሙን ዊሽሊስት ውስጥ ላስገቡ ሰዎችም ዴሞ መውጣቱን የሚያሳውቅበት መንገድ አለ። ስለዚህ ዴሞ ራሱ አንድ የመውጫ ቀን ሆኗል ማለት ነው። በእነዚያ ወራት የፕሮግራሙን ስሕተት (ባግ) ታርማላችሁ፣ ደካማውን ቦታ ታስተካክላላችሁ፣ ትንንሽ ስትሪመሮችን ታገኛላችሁ። ከዚያ ጌሙ ከሚወጣበት ቀን በፊት ባለው የመጨረሻው ኔክስት ፌስት ትገባላችሁ። ጌሙ ሲወጣ ዊሽሊስት ላስገቡት ሁሉ ከስቲም መልእክት ይደርሳቸዋል፤ ዴሞው ዋነኛ ፍሬውን የሚሰጣችሁ ያን ዕለት ነው። ዊሽሊስት ያስገባ ሁሉ ግን አይገዛም፤ ቁጥሩን አይታችሁ ከወዲሁ ብድር እንዳትበደሩ።

ቁጥር ስታነቡ ደግሞ ከየት አገር እንደሆነ ለይታችሁ አንብቡ። ዴሞው በቴሌግራምና በቲክቶክ ከተዘዋወረ ከኢትዮጵያ ብዙ ሰው ያወርደዋል፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ የሚሌን መንገድ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው፣ ስሕተት ካለም የሚነግራችሁ እርሱ ነው። ነገር ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ከመካከሉ ጥቂቱ ነው። ይህ ሰው ዴሞውን ተጫውቶ አለመግዛቱን አይታችሁ «ዴሞው ሽያጭ ገደለ» እንዳትሉ፤ እርሱ ያለ ዴሞም የሚገዛበት መንገድ አልነበረውም። የአሜሪካን፣ የጀርመንን፣ የሌሎች የምትጠብቁትን አገሮች ለብቻ ተመልከቱ፤ እዚያ ያለውም ወገናችን የሚከፍልበት ካርድ ያለው ገዢ ነው። ለአገር ቤቱ ሰው ስትሉ ደግሞ የዴሞውን ክብደት ቀንሱ። በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ሰው አምስት ጊጋባይት ሲያይ ይመለሳል።

ዴሞ አታውጡ የምልበት ሁኔታ አለ? አለ። የጅቡቲው ክፍል ከላይ እንዳልኩት ተፈትኖ ሰው እየሰለቸ ከሆነ፣ ወይም መኪናው ኮረብታ ላይ በቆመ ቁጥር ጌሙ የሚዘጋ ከሆነ ለሕዝብ አታውጡት። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ ስቲም ፕሌይቴስት የሚባለው ነው፤ ሰዎች ይመዘገባሉ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ሰው ታስገባላችሁ፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ትዘጉታላችሁ። አርሊ አክሰስ ግን ዴሞን አይተካም። ያልተጠናቀቀ ጌም በገንዘብ መሸጥ ነው፣ ስምንት ሰዓት ርዝመት ላለውና መድረሻው ለታወቀ ጉዞ አይመጥንም።

ጌሙ ከወጣ በኋላስ ዴሞው ይቆይ? ይቆይ። የፋክቶሪዮ ሠሪዎች ለዓመታት ያቆዩት አለምክንያት አይደለም፤ በ12 ዶላር ለሚያመነታ ሰው ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ መልስ ነው። የምትከታተሉት አንድ ቁጥር ቢኖር ስቲም የሚያሳያችሁ የዴሞው የመሐል የጨዋታ ሰዓት ነው፣ ማለትም ግማሹ ተጫዋች የሚያልፈው ደቂቃ። አማካዩን ተዉት፤ ጌሙን ከፍተው ያደሩ ጥቂት ሰዎች ያዛቡታል። ዴሞው አርባ ደቂቃ ከሆነና የመሐሉ ቁጥር ሠላሳ አካባቢ ከደረሰ፣ ጌሙ የሚወጣበትን ቀን ቁረጡ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ደቂቃ ላይ ከቆመ ግን ሰው ጋላፊ እንኳ ሳይደርስ እየወረደ ነው። ያኔ ዴሞውን ከማንሳት ይልቅ የጌሙን የመውጫ ቀን ግፉና ከወደቡ እስከ ድንበሩ ያለውን መንገድ እንደገና ሥሩት።